26 ዓመቴ ነው፣ ደሞዝተኛ ነኝ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ ግን አባዬ በር ላይ ነው

ካሸሯ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ረጅም ነው ቻሉኝ። 26 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ሰሚት ከእናትና አባቴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። የቤታችን ህግ 1 ሰዓት ሳይሞላ መግባት ነው። ሃይስኩል እያለሁም 1 ሰዓት ነበር፣ 6 ኪሎ ከቤት እየተመላለስኩ ስማርም 1 ሰዓት ነበር፣ አሁን የቤቱን አስቤዛ ግማሹን እኔ እየገዛሁም 1 ሰዓት ነው። ካሸር የሆነ ያውቀዋል፣ የኛ ስራ በር ተዘጋ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ካሽ ካልገጠመ ማንም አይወጣም፣ 100 ብር ጎደለ ተብሎ ቅርንጫፉ በሙሉ ቁጭ ብሎ ስሊፕ ያገላብጣል። በዛ መሃል ስልኬ ይጮሃል። 11፡30 ላይ "ወጣሽ?"፣ 12 ሰዓት "የት ደረስሽ?"፣ 12፡30 "እስቲ ከጎንሽ ያለውን ሰው አገናኚኝ"። ከጎኔ ያለው የታክሲው ረዳት ነው፣ እሱን ነው የማገናኘው ምን ላድርግ።

ሰኔ 30 ሲሆን ደግሞ ያው የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው ሁሉም ባንክ ያመሻል። አባዬ አላመነም፣ መጣና ከጥበቃው ጋር በረንዳ ላይ እስከ 4 ሰዓት ተቀመጠ። ማናጀሩ በመስኮት አይቶት "ኦዲተር ናቸው እንዴ?" አለኝ፣ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ስታመም ከእናቴ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። ግን ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው 4 ሰዓትም 5 ሰዓትም ይገባል፣ የውጭ በር ቁልፍ አለው። እኔ የለኝም። ሌላ ነገር ጠይቄም አላውቅም፣ ክለብ ምናምን አይደለም ጉዳዬ። የጓደኛዬ መልስ ላይ ኬክ ሳይቆረስ ነው የወጣሁት። አሁን ግን የማታ ማስተርስ ልጀምር ነው፣ ክላሱ 11፡30 ገብቶ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ነው የሚለቀው፣ ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ነው። አባዬ "በርቀት ተማሪ ምን አለበት" ብሎ ዘጋው። ቤቱን ሳላፈርስ እንዴት አድርጌ ልንገረው?

የሳሪስ ልጅ
ተከራይተሽ ውጪ አለቀ። 26 ዓመት እኮ ነው ጎበዝ።

ግቢ ውስጥ
@የሳሪስ ልጅ ቀላል አደረግኸው ወንድሜ። እኔ ወጥቻለሁ እና ልንገርሽ ካሸሯ። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ፈልጌ ደላላው የ6 ወር ቅድሚያ አምጪ አለኝ፣ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም ይላል ብዬ ስነግረው ሳቀብኝ፣ "አዋጁ ያከራይሽ" አለኝ። ከዛ ሁለቱ አከራዮች ባለትዳር ነው የምንፈልገው አሉ፣ አንዷ "ሴት ብቻዋን ስትኖር ለኛም ጥሩ አይደለም" ብላኝ እርፍ። መጨረሻ ላይ ገርጂ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሰርቪስ አገኘሁ፣ ገባሁ፣ ደስ ብሎኝ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዛ አከራይዋ ጠርታ ነገረችኝ፣ በሩ 3 ሰዓት ይቆለፋል፣ እንግዳ አያድርም፣ ውሃ ቀን በቀን አይከፈትም። ከአባቴ 2 ሰዓት ወደ እትዬ 3 ሰዓት ነው ያደግኩት በቃ። ቢያንስ አባቴ ኪራይ አይጨምርም ነበር። መሸኛ ከወረዳ ለማውጣት የተመላለስኩትን ደግሞ ተዪው።

ቅኔ ማህሌት
መፍትሄውን ልንገርሽ? ማህሌት ነው እላለሁ። እኔ ማታ 2 ሰዓት ቡና ልጠጣ ብል ቤቱ ይታመሳል፣ ለማህሌት ነው ካልኩ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ነጠላዬን አዘጋጅታ የምትሸኘኝ እናቴ ናት። በዛ ሰዓት መንገድ ላይ ውሻና እኔ ብቻ ነን። ያው ዘራፊው ጾመኛ መስሏት ይሆናል።

ሙና ኮልፌ
ሃሃሃ የኛም አንድ ነው። ረመዳን ሲገባ ተራዊህ ተብሎ እስከ 4 ሰዓት ውጭ ነኝ ማንም ስልክ አይደውልም፣ ዒድ ባለፈ ማግስት 12፡30 ላይ "ምን አስቆየሽ"። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ አምፖሉም ያው ነው እኮ። አባቴን እንደዚህ ብዬ ጠይቄው "የአላህ ጥበቃ አለበት" አለኝ፣ ምን ትመልሺለታለሽ።

የሦስት ልጆች እናት
ልጆቼ፣ እንደው እኔም ልናገር። የምትስቁበት ነገር ለኛ አያስቅም። እኔ ትልቋ ልጄ ስልክ ሳታነሳ 20 ደቂቃ ካለፈ ሆዴ ይገለባበጣል፣ ወጥ አሳርራለሁ፣ አንዴ ሳላውቀው ነጠላዬን ደርቤ መገናኛ ድረስ ሄጃለሁ የትኛው ታክሲ ውስጥ እንደማገኛት እኔ እንጃ። ሴት ልጅን ስትደርስ ማየት ነው እረፍቱ። ደግሞ ሰው አለ፣ እድር አለ፣ ቡና ላይ "ያቺ ልጅ ታመሻለች" የተባለች እንደሆነ ለማንም አስረድተሽ አትጨርሺውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የኔ ልጅ። አባትሽ ስለሚወድሽ ነው።

ካሸሯ
እማማ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ፣ የእርስዎ ጭንቀት ከእናቴ ጋር አንድ ነው ይገባኛል። ግን ልጠይቅዎት፣ ወንድ ልጅ አለዎት? እሱ ሲያመሽስ ወጥ ያርራል?

የሦስት ልጆች እናት
አለኝ። እሱ ወንድ ነው እንግዲህ።

ሙና ኮልፌ
እዛ ላይ ነው እኮ እማማ።

አንድ ለእናቱ
ወንድ ሁሉ ነፃ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። እኔ 30 ሊሞላኝ ነው፣ አባቴ የሞተው ልጅ እያለሁ ነው፣ ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሰዓት አትገድበኝም፣ ማታ ብቆይ "እሺ" ትላለች ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀኝ፣ እራት አትበላም። 5 ሰዓት ስገባ እራቷ እንደተከደነ ነው። ከዛ በኋላ ማን ያመሻል? ሀዋሳ በእጥፍ ደሞዝ ስራ አግኝቼ ግፊቷ ተነሳባት፣ ቀረሁ። ጓደኞቼ "የእማዬ ልጅ" ይሉኛል። የካሸሯ አባት ቢያንስ በግልፅ ነው የሚከለክለው፣ ተከራክረሽ ልታሸንፊው ትችያለሽ። ያልከለከለሽን ሰው እንዴት ትከራከሪያለሽ?

ከኩዌት
ይሄን ክር አንብቤ ሳቅም እንባም መጣብኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በ19 ዓመቴ ነው ብቻዬን አውሮፕላን ላይ የወጣሁት፣ ቋንቋ የለኝ፣ የማላውቀው ሰው ቤት፣ ፓስፖርቴን ማዳም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት። ያኔ ማንም "ሴት ልጅ ብቻዋን" አላለም። አባቴ ራሱ ነው ለደላላው ብር የተበደረልኝ። የቤታቸውን ቆርቆሮ እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ። ለእረፍት ስገባ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር እራት ልብላ ብዬ ስነሳ አባቴ "በዚህ ምሽት? ሰው ምን ይላል" አለኝ። 31 ዓመቴ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ድምፄ ካልተሰማ የማይደነግጥ ቤት ለሁለት ሰዓት ሲደነግጥ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ካሸሯ፣ አባትሽ በረንዳ ላይ 4 ሰዓት ድረስ መቀመጡ ግን እኔን አስቀናኝ እውነቱን ለመናገር።

አንድ ለእናቱ
@ከኩዌት እህቴ ምን ይባላል።

ነገረ ፈጅ
ከህግ አንፃር ትንሽ ልበል። የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሰራው (ክልሎች የራሳቸው አላቸው)፣ በሱ መሰረት አካለ መጠን 18 ነው። ከዛ በኋላ አባት ሞግዚት አይደለም፣ የት ትኖሪያለሽ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ የሚል ስልጣን በህግ የለውም። ህገ መንግስቱም አንቀፅ 32 ላይ የመዘዋወርና መኖሪያ የመምረጥ ነፃነት ይሰጥሻል። ግን ቤቱ የሱ ነው፣ እሱም የቤቴ ስርዓት ነው ካለ ፍርድ ቤት ሄደሽ "1 ሰዓትን ወደ 3 አሻሽሉልኝ" አትዪም ሃሃ። እዚሁ የሚያነቡ ሌሎች ልጆች ግን ልብ በሉ፣ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ዲግሪ በቤተሰብ እጅ የተያዘባችሁ ካላችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ የራሳችሁ ሰነድ ነው፣ አንድ ቀን ሲያስፈልግ ከመሯሯጥ አሁኑኑ ኦርጅናሉን በእጃችሁ አድርጉ። ደግሞ ያው ህግ ልጅም ወላጁ ሲቸገር ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ወጣሁ ብሎ መገላገል የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ነፃ ናችሁ የምትሉ ካላችሁ ኑ ቤታችን እዩ። እኔ 21 ነኝ ኮሌጅ ከቤት ነው የምመላለሰው። እማዬ ሰዓት አትሰጠኝም፣ ስልኬ ላይ ላይፍ 360 አስጭናኛለች፣ የት እንዳለሁ ካርታ ላይ ታያለች፣ መኪናውን ስንት እንደነዳሁት ራሱ ይነግራታል። የምትሰራው ሌሊት ነው፣ በብሬክ ሰዓቷ ነው ካርታ የምታየው። ጓደኛዬ ቤት ቁጭ ብዬ "ለምን አትንቀሳቀሺም?" ብላ ቴክስት ታደርጋለች። ውጪ ትሉኝ ይሆናል፣ የኮሌጅ የመንግስት እርዳታ የምንሞላው ፋፍሳ እኮ ከ24 ዓመት በታች ከሆንክ፣ ካላገባህ ምናምን፣ የወላጅህን ታክስ ይጠይቃል ለብቻህ ብትኖርም። የሷ ፊርማ ያስፈልገኛል። ስለዚህ ካርታው ላይ ነጥብ ሆኜ እኖራለሁ።

ነታንያ
አማርኛዬ ካሳቃችሁ ይቅርታ፣ ከጎንደር ወደ እስራኤል ስንመጣ የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኛ ጋ 18 ሲሞላ ሰራዊት ነው፣ ሴቱም ወንዱም። አንዳንድ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ሴት ልጁ በምትኩ ብሔራዊ አገልግሎት እንድትሰጥ ይፈልጋል፣ አባቴም እንደዛ ነበር የፈለገው እኔ ግን ሰራዊት ገባሁ። ደቡብ በረሃ ውስጥ ሌሊት ዘብ እቆማለሁ፣ ለሸባት፣ ለቅዳሜ ሰንበት ማለቴ ነው፣ ቤት ስመጣ ትከሻዬ ላይ ጠመንጃ አለ፣ ያንን ይዤ "ጓደኛዬ ጋ ልደር" ስላት እናቴ "ሴት ልጅ ሰው ቤት አታድርም" አለች። ጠመንጃው ቤት መጥቶ ማደር ይችላል እኔ ግን አልችልም። ከዛ በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ፣ ስጨርስ አባቴ ሰዓት መጠየቅ አቆመ፣ ማንም አልተከራከረውም፣ ራሱ ነው ያቆመው። መንግስት የሰጠኝን እሱ ለመስጠት ያፈረ መሰለኝ። እናንተ ጋ እንደዛ የሚለይ ነገር ከሰርግ ሌላ አለ?

ግቢ ውስጥ
@ነታንያ የለም። ሰርግ ብቻ ነው። ከአባት ሰዓት ወደ ባል ሰዓት።

የልደታው
ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፣ ልጆቼን እያየሁ ይሄን ነገር አስብበታለሁ። ካሸሯ፣ አባትሽ ስንት ዓመቱ ነው? 58፣ 60 አካባቢ ከሆነና አዲስ አበባ ካደገ ልጅነቱ 69 እና 70 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ 16 ነበርኩ። ሰዓት እላፊ ነበር፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ የመኪና ድምፅ ከሰማን መብራት አጥፍተን ነው የምንቀመጠው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ሬሳ አለ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ልጁን ሊቀብር ሄዶ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ ነበር በሰፈራችን። እናቴ እስክትሞት ድረስ እኔ 50 ዓመት አልፎኝ እንኳ 12 ሰዓት ሲል ትደውል ነበር። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብታችሁ የፎቶውን ግድግዳ እዩት፣ አብዛኛው የናንተ እኩያ ነው፣ ከናንተም የሚያንስ አለ። ማታ ያልገባ ልጅ ማለት ለዛ ትውልድ ያመሸ ልጅ ማለት አይደለም።

ካሸሯ
ጋሼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አባዬ 58 ነው፣ ያደገውም ተክለሃይማኖት ነው። ሳሎን ውስጥ የታላቅ ወንድሙ ፎቶ አለ፣ "በደርግ ጊዜ ሞተ" ብቻ ነው የተባልነው ከዛ በላይ ጠይቄ አላውቅም። አሁን እናቴን ኩሽና ገብቼ ጠየቅኳት። ለትምህርት ጓደኛው ደብተር ሊመልስ ማታ ወጥቶ ነው ያልተመለሰው አለች። በር ከፍቶ ያስወጣው አባዬ ነው፣ ትንሽ ልጅ ነበር። ይሄን ለእናቴም የነገራት አንዴ ብቻ ነው።

ቅኔ ማህሌት
በስመአብ። ቀልዴን መልሼ ወሰድኩ።

ሙና ኮልፌ
አላህ ይዘንላቸው። ካሸሯ አይዞሽ።

ግን ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል ሁሉም ከማልቀሱ በፊት። ጋሼም አይቆጡኝ። ያ ማታ የወጣው ልጅ ወንድ ነበር። ፍርሃቱ ከዛ ከሆነ ዛሬ መቆለፍ የነበረበት ወንድምሽ ላይ ነው፣ እሱ ግን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግማሹ የ69 ነው እሺ፣ ግማሹ ግን "ሰው ምን ይላል" ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ "ስለሚወድሽ ነው" ማለት ልክ አይመስለኝም። ለፍርሃቱ እዘኚለት፣ ለሌላው ግን ጠይቂው።

የልደታው
አልቆጣም ልጄ። ልክ ነሽ። እኔም ለወንዱ ነው ቁልፍ የሰጠሁት።

ነገረ ፈጅ
ሙና ጠበቃ ሁኚ።

ሂሳብ ሹም
ስሜቱን ተናገራችሁ እኔ ደግሞ ስራውን ልናገር፣ ሁለት እህቶቼን በዚህ አሳልፌያለሁ። አንደኛ ማታ ደክሞት ሲገባ አትንገሪው፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ቡና ላይ ይሁን። ደግሞ ብቻሽን አትግጠሚው፣ የሱ ታላቅ የሆነ ሰው ፈልጊ፣ አክስት ወይ አጎት፣ የንስሐ አባታችሁም ይሆናሉ የሚሰማቸው ከሆነ። እናትሽን ቀድመሽ ያዢ፣ እሷ ካልተያዘች ሌላው ከንቱ ነው። "ነፃነት" የሚለውን ቃል አፍሽ አታስገቢው፣ ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ አሳዪው፣ የትኞቹ ቀኖች፣ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ህንፃ፣ በምን እንደምትመለሺ። ራይድ ላይ ጉዞሽን ለሱ ሼር ማድረግ ትችያለሽ፣ መኪናው የት እንደደረሰ ስልኩ ላይ ያያል። የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ትስቅብኛለች ግን ሲጀመር እንደዛ ነው። ክፍያውን በራስሽ እንደምትከፍዪ ንገሪው። ጎረቤት ቀድሞ እንዲያውቅ አድርጊ፣ እናትሽ ቡና ላይ "ልጄ ማስተርስ ጀመረች ማታ ማታ ነው" ካለች ወሬው በኩራት ነው የሚዞረው፣ ያው ሰዓት ያው ልጅ።

የሦስት ልጆች እናት
ይሄኛው ልጅ አዋቂ ነው። እውነቱን ነው፣ ተምሬ ነው የማመሸው ከተባለ ማን አፉን ይከፍታል። ካሸሯ ልጄ እናትሽን ያዢ።

የሳሪስ ልጅ
ሰው ግን ለማስተርስ ሽማግሌ ይልካል? ምን ዓይነት ዘመን ነው።

ግቢ ውስጥ
አንተ እዛው ሳሪስ እናትህ ካልሲህን እያጠበችልህ ተቀመጥ።

ካሸሯ
ሰላም፣ ምን ሆነ ብላችሁ በውስጥ ስለጻፋችሁልኝ እዚሁ ልንገራችሁ። እሁድ አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጣች፣ የአባዬ ታላቅ ናት፣ እሷ ስትገባ አባዬ ራሱ ተነስቶ ነው የሚቆመው። ቡናው ሁለተኛው ላይ እያለ ፕሮግራሙን ፕሪንት አድርጌ አስቀመጥኩለት። መነፅሩን አድርጎ ረጅም ሰዓት አየው፣ ወረቀቱ እኮ ሦስት መስመር ነው። "ማነው የሚያስተምራችሁ?" አለ። "ስንት ሴት አላችሁ?" አለ። ከዛ አክስቴ ጣልቃ ገብታ "አንተ፣ ልጅቷ ለትምህርት ነው" አለችው ቆጣ ብላ። ስለ ወንድሙ ማንም ስም አልጠራም፣ እኔም አላነሳሁም፣ የማነሳበት ቦታ አልነበረም።

እሺ አለ። ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ራሱ በቪትዙ መጥቶ ሊወስደኝ ነው፣ ራይድ አያምንም። ከዛ ሙና ያልሽውን ጠየቅኩ፣ "ቁልፍስ? አንተ ባትመጣ ደጅ ልቆም ነው?" ስለው ወንድሜ ሶፋው ላይ ስልኩ ውስጥ ተደበቀ። አባዬ "እናያለን" አለ። እናያለን ማለት በኛ ቤት አይሆንም ማለት ነው ብዙ ጊዜ። እናቴ ግን ማታ ክፍሌ መጥታ የራሷን ቁልፍ አስቀርጪበት ብላ ሰጠችኝ፣ አባትሽ እንዳያይ ብላ። አልተቀበልኳትም። እሱ እንዲሰጠኝ ነው የምፈልገው፣ ደግሞ ተደብቄ ከያዝኩት አንድ ቀን ሲያገኘው እሷን ነው የሚያጣላት።

ግቢ ውስጥ
ኧረ ያዢው አንቺ። መርህ ደጅ ያሳድራል።

ሙና ኮልፌ
እኔ አትያዢው ባይ ነኝ። በየወሩ ጠይቂው፣ እስኪሰለቸው።

አንድ ለእናቱ
ቪትዙ ውስጥ ግን ወሬ አውሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ከአባትሽ ጋር ብቻችሁን መኪና ውስጥ፣ መገናኛ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አንድ ሰዓት ነው።

ነታንያ
ለወንድምሽም ንገሪው እሱ ራሱ ቁልፉን ያንሳው። ለምን ዝም ይላል?

ካሸሯ
@ነታንያ ነግሬዋለሁ። "እኔን ምን አገባኝ" አለ፣ ከዛ ማታ 4 ሰዓት ገባ።

ምዝገባው አልቋል ከፍያለሁ። ቅዳሜ ኦሪየንቴሽን ነው። ከዚህ መሃል ኤምቢኤ የማታ የተማረ ካለ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር አካውንቲንግ ነው ወይስ ስታትስቲክስ የሚከብደው? ኖት ያለው በውስጥ ይላክልኝ፣ ካሽ ካልገጠመ ክላስ የማረፍድባቸው ቀናት ይኖራሉ።